ልጄ ወታደር ሆነ፤ የሰማሁት ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ20 ዓመት ልጄ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ወታደሮች ከሌላው ሰው በእጥፍ ራሳቸውን ያጠፋሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰሙት ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩዎት። እ.ኤ.አ. በ2022 በመደበኛው ሠራዊት ከ100,000 ወታደር ወደ 25 የሚሆኑት ራሳቸውን አጥፍተዋል። በአገሪቱ ሕዝብ ደግሞ ወደ 14። ሆኖም የሕዝቡ ቁጥር ውስጥ ሕፃናትም፣ ሴቶችም፣ አዛውንቶችም አሉ፤ ሠራዊቱ ግን በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ወንዶች ከሴቶች በአራት እጥፍ ገደማ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ዕድሜና ፆታን አመሳስለው ሲያወዳድሩት በአብዛኞቹ ዓመታት ያን ያህል ልዩነት የለም።

እኔን ግን ይሄ አያጽናናኝም። ወታደር ጤናው ተመርምሮ የሚቀጠር፣ ደመወዝና ሕክምና ያለው ሰው ነው፤ ቁጥሩ ከሌላው ማነስ ነበረበት። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነቶች በፊት ያነሰ ነበር።

ጦር ሜዳ ብቻውን ምክንያት እንዳይመስልዎት። ራሳቸውን ካጠፉት ብዙዎቹ ውጊያ አይተው አያውቁም። ከፍቅረኛ ወይም ከሚስት መለያየት፣ የዲሲፕሊን ቅጣት፣ ዕዳ፣ ድብርት፣ መጠጥ፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያሉት እነዚህ ናቸው። በዚያ ላይ መሣሪያ ቅርብ ነው። የእስራኤል ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ወታደሮቹ ቅዳሜና እሑድ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ ትተው እንዲሄዱ አደረገ፤ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ያቺ ክፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ናት፣ ካለፈች ሰው ይተርፋል። ስለዚህ ልጅዎ የግል ሽጉጥ ካለው ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው እንዲቀመጥ ይንገሩት። ልጅዎን ከከፋው ደግሞ ሽጉጡ ለጊዜው ሌላ ሰው ጋ ይቀመጥ።

ሲደውሉለት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልዎታል። እዚያ ላይ አያቁሙ። እንቅልፉን ይጠይቁት፣ ጓደኞቹን ይጠይቁት። ድምፁ ካላማረዎት «ልጄ፣ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ።

ሥራዬ ይበላሻል ብሎ ሐኪም ከፈራ የሠራዊቱን ቄስ ያናግር፤ የነገረውን ለአለቆቹ አያወሩበትም። በማንኛውም ሰዓት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለገጠማቸው ወደሚረዳው የስልክ መስመር 988 ደውሎ፣ ለወታደሮች የተመደበውን 1ን መጫንም ይችላል። እርስዎም ግራ ሲገባዎት መደወል ይችላሉ።