ከለንደን ወጥቶ በገበያ ከተማ መኖር

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ከለንደን ወጥተን በደቡብ እንግሊዝ አነስ ያለች የገበያ ከተማ መኖር እንፈልጋለን። በሳምንት ሁለት ቀን ለንደን እሠራለሁ። ትልቋ ልጃችን 10 ዓመቷ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከባቡሩ ይጀምሩ። ዲቫይዚስና ማርልቦሮ በጣም ያምራሉ፤ ግን የባቡር ጣቢያ ስለሌላቸው ለእርስዎ አይመቹም። ሃምፕሸር ያለችው ፒተርስፊልድ ወደ ለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ ቀጥታ ባቡር አላት፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በ28 ቀን ውስጥ 8 ቀን የሚያስጉዘው ፍሌክሲ ትኬት ለእርስዎ ሥራ ልክ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። የሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ ኦክቶበር 31 ይዘጋል፤ ዘግይቶ የገባ የሚታየው በሰዓቱ የገቡት ከተደለደሉ በኋላ ስለሆነ የቀረው ቦታ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ኬንት የተባለውን አውራጃ ካሰቡ የግራመር ትምህርት ቤት (ተማሪዎችን በፈተና የሚመርጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) መግቢያ ፈተናው በሴፕቴምበር ነው፤ ምዝገባው ቀድሞ ያልቃል። ሃምፕሸር ውስጥ የመንግሥት ግራመር ትምህርት ቤት የለም።

ቤት ሲመርጡ በፖስት ኮዱ የመንግሥትን የጎርፍ መረጃ ይመልከቱ። ለምሳሌ ሉዊስ የተባለችው የሱሴክስ ከተማ በ2000 በወንዝ ጎርፍ ተጥለቅልቃለች። በኖራ ድንጋይ መሬት ላይ ደግሞ ክረምቱ ሲገፋ የከርሰ ምድር ውሃ ከወለሉ ሥር ስለሚወጣ በር ላይ የተደረደረ የአሸዋ ከረጢት አያስቆመውም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ክረምት እዚያው ቢከራዩ ይሻላል።