ቡና ልቅዳልህ ሲባል «ፋይን» ያለው እንግዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ላሊበላ ነው። ቡና አፍልቼ ነው የምተዳደረው። ባለፈው አንድ ፈረንጅ እንግዳ አቦሉን ጠጣ። ቶናውን ልቅዳልህ ወይ ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። «አይም ፋይን» አለኝ። ፋይን ጥሩ ማለት ነው ብዬ ቀዳሁለት። ለካ እሱ እጁን ስኒው ላይ ሊያደርግ ነበር። ቡናው ጣቱን ሊያቃጥለው ለትንሽ ነው የተረፈው። አስጎብኚው «በቃኝ ማለቱ እኮ ነው!» ብሎ ተቆጣኝ። ትምህርት ቤት ፋይን ማለት ደህና ማለት ነው ብለው ነው ያስተማሩኝ። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ የለም እህቴ፣ ጥፋት የለብሽም። ወሎ ውስጥ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ «ምን አስቀየምንህ?» ይባላል። አንቺ ያደረግሽው ያሳደገሽን ወግ ነው። ፋይን ደህና ነው ብለው ያስተማሩሽም አልዋሹሽም። ግማሹን ነው የነገሩሽ። እኔም ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ለብዙ ልጆች ግማሹን ብቻ ነግሬ አሳልፌያለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ማለት ይቻላል ላንቺ ሰጥቼዋለሁ።

ፋይን የመጣው «ፊኒስ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። መጨረሻ ማለት ነው። ተሠርቶ ያለቀ፣ ጉድለት የሌለበት ነገር ፋይን ተባለ። ትራፊክ ፖሊስ የሚጽፈው ቅጣትም በእንግሊዝኛ ፋይን ነው። ከፍለሽ ጉዳዩ ስለሚያልቅ ነው ስሙን ያገኘው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «በቃ» አለቀ ማለት ነው። ከዚሁ ከ«በቃ» ደግሞ «ብቁ» ይወጣል። ብቁ ሐኪም፣ ብቁ ሠራተኛ እንላለን። የበቁ አባት እንላለን። አየሽ? እንግሊዝኛው ከማለቅ ተነሥቶ ጥሩ ጋ ደረሰ። አማርኛውም በራሱ መንገድ እዚያው ሰፈር ደረሰ። ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተዋልኩ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለሥራሽ የሚበጀው ይኸ ነው። «እንዴት ነህ?» ብለሽ ፋይን ካለሽ፣ ደህና ነኝ ነው። «ልጨምርልህ?» ብለሽ ፋይን ካለሽ፣ በቃኝ ነው። «አይም ጉድ»ም እንደዚሁ። የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የስ፣ ፕሊስ» ይልሻል። ቃሉን ብቻውን አትስሚው። ከፊቱ ምን ተጠየቀ የሚለውን ያዢ።

ይህን የምልሽ ዋጋ ከፍዬበት ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለመጣ ፈረንጅ ሐኪም እንዳስተረጉም ተጠራሁ። አልጋው ላይ ከተንታ የመጡ እናት ነበሩ። እግራቸው ቆስሎ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ «ዲስቻርጅ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የማውቀው ዲስቻርጅ ከሆስፒታል መውጣት ነው። አሁንም ሁላችንም «ዲስቻርጅ ሆነ» የምንለው ለዚያ ነው። «እናቴ፣ ሊያስወጡዎት ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ወዲያው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ሰሐናቸውንና ስኒያቸውን ፌስታል ውስጥ ከተቱ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ያየኛል። ነርሷ ናት ነገሩ የገባት። ምንም ሳትናገር ጎንበስ ብላ ፋሻውን ፈታች። ቁስሉ መግል ይዟል። ሐኪሙ የጠየቀው ለካ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ አለ ወይ ብሎ ነው። እኚያ እናት ያጠፉትን ጋቢ መልሰው ሲዘረጉ እስካሁን ይታየኛል። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

የዚያን ዕለት ማታ መዝገበ ቃላት ይዤ ቁጭ አልኩ። የቻርጅ ሥሩ በኋለኛው ላቲን ጋሪ ላይ ዕቃ መጫን ነው። ዲስቻርጅ ማራገፍ ነው። ይህን ካገኘሁ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ስልክ ቻርጅ ስናደርግ ኃይል እንጭንበታለን። ሱቁ ይህን ያህል ቻርጅ አደረገኝ ሲሉ ዋጋ ጫነብኝ ነው። ዐቃቤ ሕግ ቻርጅ ሲያደርግ ጥፋቱን ተከሳሹ ላይ ይጭናል። ዲስቻርጅ ሲሆን ደግሞ ሆስፒታሉ በሽተኛውን ያራግፋል፣ ቁስሉ መግሉን ያራግፋል፣ ባትሪው ኃይሉን ያራግፋል።

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደሽ ታውቂያለሽ? ካንቺ ሩቅ ነው፤ ዕድሉን ካገኘሽ ግን ሂጂ። ግመል ተንበርክኮ ጭነቱ ሲራገፍለት እዪ። እኔ ቻርጅና ዲስቻርጅን ለተማሪዎቼ በዚያ ግመል ነበር የማስተምራቸው። አማርኛውም ቢሆን «ጫነ»ን ስንት ቦታ ያሠራዋል! በቅሎ ይጫናል፣ ዕዳ ይጫናል፣ ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ አፕ ይጫናል። ይህን ሁሉ ሳንማረው የምናውቀው ዐረፍተ ነገሩን ከነጎረቤቱ እየሰማን ስላደግን ነው።

ስለ ብዛቱ አንድ ነገር ልንገርሽና ልለፍ። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰዎች «ራን» የሚለውን ግሥ ሲያጠኑ 645 ፍቺ አገኙለት። አዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር ለዚህች በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ለሆነች ቃል 9 ወር ፈጅቶባቸዋል። መሮጥ ከእነዚያ አንዱ ነው። ውሃ ራን ያደርጋል፣ ሞተር ራን ያደርጋል፣ ሰው ሱቁን ራን ያደርጋል። ይህን ሁሉ ሸምድጄ እችለዋለሁ ማለት ዘበት ነው።

ስለዚህ ደብተር ግዢ። በግራ እንግሊዝኛ በቀኝ አማርኛ እያልሽ ግን አታስምሪው። እኔን ያሳሳተኝ ያ መስመር ነው። እንግዳው ያለውን ሙሉውን ጻፊ። ምን ጠይቀሽው እንደነበር ጻፊ። እጁ ምን ያደርግ እንደነበርም ጻፊ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያ ስኒ ይግባ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከውጭ አገር ባለሙያ ጋር እሠራለሁ። እናቴ ማረፏን ስነግረው «አይም ሶሪ» አለኝ። እኔም በእንግሊዝኛ «አንተ ምን አጠፋህ?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ምን ብዬው ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እናትህን ነፍስ ይማር። አንተንም ያጽናህ። ሰውየው ይቅርታ እየጠየቀህ አልነበረም። ሶሪ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሥሩ ሕመም ነው። አመመኝ እንደማለት ነው። እኛ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንለውን አስበው። የገፋነው እኛ አይደለንም፤ ግን እኔን እንላለን። እሱም ያለህ ይህንኑ ነው።

አንተ ግን በአማርኛ ለቅሶ ስትደርስ «ሶሪ» አትበል። እኛ ዘንድ ሶሪ እግር ለረገጠ ሰው ነው። እንደ ቤቱ «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ «አላህ ያጽናህ» በል። ለቅርብ ወዳጅህ እጁን ይዘህ «አብሽር» በለው።

ለሥራ ባልደረባህ ደግሞ ነገ «ታንክ ዩ» በለው። ለምን እንደሆነ ከጠየቀህ «እኔን!»ን አስረዳው።