ያጎትህን ሌዘር ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም እንዲገባው ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ አጎትህ ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ የሂሊየም-ኒዮን ሌዘር ቱቦ (በጋዝ የተሞላ፣ ቀይ ጨረር የሚያወጣ የብርጭቆ ቱቦ) ከአንድ ጥቁር የፓወር ሰፕላይ ሳጥን ጋር አመጣልህ። ያለኸው አዲስ አበባ ነው። ከሳጥኑ ቀይና ጥቁር ሽቦ ይወጣል፤ ቱቦው ግን ራቁቱን ነው፣ መሰኪያ የለውም። የቱን ሽቦ የት ላገናኝ ብለሃል፤ በርካሽ የተገኘ አርጎን ሌዘርም ልግዛ ወይ ብለሃል።

እኔ ማሪላንድ ነው የምኖረው፤ አሥራ አንድ ቱቦ ሰብስቤአለሁ። ሰባቱ ይሠራሉ። ከሞቱት አራቱ አንዱን የገደልኩት እኔው ነኝ፣ ከእሱ ልጀምር።

ቱቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ጨረሩ የሚወጣበት ጫፍ ፖዘቲቭ ይመስለዋል። እኔም መሰለኝና እንዲያ አድርጌ አገናኘሁት። በራ! ቀይ ነጥብ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለች። በደስታ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ነጥቧ ደብዝዛለች፤ ያን ቀን ማታ ጨርሳ ጠፋች። ለካስ የእኔ ቱቦ ጨረሩን የሚያወጣው በካቶዱ፣ በነጌቲቩ ጫፍ በኩል ኖሯል። በአኖድ፣ በፖዘቲቩ ጫፍ በኩል የሚያወጣም አለ፤ ስለዚህ የጨረሩ መውጫ የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ፣ የትኛው ነጌቲቭ እንደሆነ ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ ብርጭቆው ውስጥ የምታየው የአሉሚኒየም ጣሳ ነው። ጣሳው ያለበት ጫፍ ካቶድ፣ ማለትም ነጌቲቭ ነው፤ ጥቁሩ ሽቦ እዚያ ይሄዳል። ጣሳ የሌለው፣ ትንሽ ብረት ብቻ ያለበት ጫፍ አኖድ ነው። ጣሳው ትልቅ የሆነው የጋዙን ድብደባ እንዲችል ነው። ስትገለብጠው ድብደባው ትንሿ ብረት ላይ ያርፋል፤ ብረቷ እየተሸረፈች ጨረሩን በሚያንጸባርቀው፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ባለው መስታወት ላይ ትለጠፋለች። መዳኛ የለውም።

ቀዩን ሽቦ ግን በቀጥታ አኖዱ ላይ እንዳታደርገው። የፍሎረሰንት መብራት ባላስት ለምን እንደሚያስፈልገው ታውቃለህ አይደል? ይሄም ያው ነው። ጋዙ አንዴ ከበራ ኮረንቲ በጨመረ ቁጥር የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል፤ የሚይዘው ከሌለ ይሸሻል። እዚህ የሚይዘው ሬዚስተር ነው፤ ለትንንሾቹ ቱቦዎች የተለመደው 75 ኪሎ ኦም ነው። እኔ አምስት ባለ 15 ኪሎ ኦም፣ ባለ 2 ዋት ሬዚስተሮችን በተርታ እበይዳለሁ። ለምን አንድ ብቻ አይሆንም? ሲነሳ እስከ 10,000 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል በአንዷ ትንሽ ሬዚስተር ላይ ዘሎ ያልፋል። ተርታውን ከአኖዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ አድርገህ አስቀምጥ እንጂ ሳጥኑ አጠገብ አትተወው፤ በመካከል ረጅም ሽቦ ካለ ቱቦው ይርገበገባል።

አሁን ወደ ግድግዳው ሶኬት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 115 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ወዲያው ያቃጥለዋል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ለፀጉር ማድረቂያ የሚይዛትን ቀላል ኮንቨርተር አትጠቀም፤ እሷ ሞገዱን ትቆራርጣለች እንጂ አትለውጠውም። ከበድ ያለ፣ ውስጡ ብረትና ጥቅል ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ፈልግ። ትልቅ መሆን የለበትም፦ ቱቦው በ1,400 ቮልት 5 ሚሊአምፔር ቢወስድ 7 ዋት ነው፣ ሬዚስተሮቹ ሌላ 2 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ባለ 50 ዋት ትራንስፎርመር ተርፎት ይሠራል። 12 ቮልት ዲሲ የሚል ሳጥንም አለ፤ እንደዚያ ከሆነ ግድግዳው ጋር ጭራሽ አታገናኘው። የአሮጌ ቴሌቪዥን ፍላይባክ (ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ትራንስፎርመር) ነቅለህ እንዳትሞክር ደግሞ። እኔ ልጅ ሆኜ ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ስለሠራሁ ፈተናውን አውቀዋለሁ፤ ግን ኮረንቲውን የሚቆጣጠርበት ነገር የለውም።

ኮረንቲውን ለመለካት በነጌቲቩ መስመር ላይ አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገባና ቴስተርህን በቮልት አድርገህ ሁለቱን ጫፎቿን ያዝ። 5 ቮልት ካሳየህ 5 ሚሊአምፔር ማለት ነው። መያዣዎቹን ሳይበራ በፊት አያይዝ፣ ከበራ በኋላ አትንካ። በአኖድ በኩል ቴስተር አይገባም፤ መነሻው ቮልት ይበሳዋል።

ስለ ዓይን ሁሉም ይጠይቃል፣ ስለ ኮረንቲው ግን ማንም አይጠይቅም። የአንተ ቱቦ ከ1 እስከ 5 ሚሊዋት ይመስለኛል፤ በቀጥታ ወደ ዓይን አይላክ፣ ጨረሩ ቁጭ ካለም ከቆመም ሰው ዓይን ዝቅ ብሎ ይሂድ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር መንገዱ ላይ አይኑር፣ ልጆች ካሉ በሩን ዝጋ። ሳጥኑ ግን ከተነቀለም በኋላ ይናከሳል። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ፣ አበቃ ብዬ፣ ሽቦውን ላስተካክል ስል እስከ ትከሻዬ ድረስ ነዘረኝ፤ ቱቦው ከእጄ ሊወድቅ ለጥቂት ነው። አሁን ነቅዬ አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ከነጌቲቩ ጋር የታሰረ ሽቦ በደረቅ እንጨት ጫፍ ይዤ አኖዱን እነካዋለሁ፤ የቀረው በሬዚስተሮቹ በኩል ይፈሳል። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ናት። አንተ ጋ ደግሞ መብራት ይሄዳል፤ ሲሄድ ወዲያው ንቀል። ሲመለስ ሳጥኑ ራሱ ስለሚነሳ እጅህ የት እንደሆነ አይጠይቅም።

ስታበራው ቀጭኗ ቧንቧ ውስጥ ብርቱካናማ ሮዝ ብርሃን ካየህ ጋዙ ጤነኛ ነው። ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ለመደርደሪያ ጌጥ ይሁን። ብርሃኑ ጥሩ ሆኖ ቀይ ነጥብ ከሌለ ተስፋ አትቁረጥ፣ በመንገድ ላይ ተመትቶ መስታወቱ ትንሽ ዞሮ ይሆናል። እየበራ ሳለ መስታወቱን የያዘውን አንገት በረጅም ደረቅ እንጨት ወደ ጎን በጣም ቀስ አድርገህ ግፋው፤ ብልጭ ካለ ችግሩ እሱ ነው። በካቶዱ በኩል ጀምር፣ አኖዱ የሚገድል ቮልት ተሸክሟል። በፒንሳ የሚጠመዝዝ ሰው አይቻለሁ፤ አንገቱ ተሰብሮ ጋዙ በሰከንድ ወጣ። ለዓመታት የተቀመጠ ቱቦ ለመነሳት ቢያስቸግር ወይም ቢደበዝዝም ለጥቂት ሰዓታት ስታስኬደው ሊያገግም ይችላል።

ከተሳካልህ ይቺን ሞክር፦ ፖላራይዝድ የሆነ (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) የፀሐይ መነጽር ከቱቦው ፊት አድርገህ ወረቀት ላይ ያረፈችውን ነጥብ ተመልከት። በብዙዎቹ ቱቦዎች ነጥቧ ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች፣ መልሳ ትደምቃለች። ቱቦው ሲሞቅ በጥቂት ማይክሮኖች ስለሚረዝም ነው፤ ሙቀቱ ሲረጋ የነጥቧ መለዋወጥም እየዘገየ ይሄዳል። የቀዩ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 632.8 ናኖሜትር ነው፤ ቱቦው በዚያችው በምታህል መጠን ሲረዝም በዓይንህ እንደማየት ነው፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አይቻለሁ።

አርጎኑን ተወው። ሰማያዊና አረንጓዴው ያምራል፣ አልዋሽህም፤ ግን ትንሹ እንኳ አንድ ኪሎ ዋት አካባቢ ይጠጣል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ብዙዎቹ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሲሰበር አቧራው ሳንባ ይጎዳል። "ሳይሞከር የሚሸጥ" የሚል ማስታወቂያ ደግሞ እኔ ባየሁት ብዙውን ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ያለ ማለት ነው።

የሳጥኑን ጽሑፍና የቱቦውን ሁለቱንም ጫፎች ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ፤ እስኪታይ ድረስ ምንም አትሰካ።