ወንድምዎ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ ሥራ ላይ ይልመደው? ለሚለው ጥያቄ

ውድ እኅታችን፣ ከሦስት ወር በፊት በዲቪ መጥቶ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባው ወንድምዎ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ይግባ፣ ወይስ ሁለት ሥራ ይዞ ቋንቋውን ከሥራው ጋር ይልመደው ብለው ጠይቀዋል። በከተማው ሁሉ ነገር በአማርኛ የሚገኝ ከሆነ ችኮላው ምንድን ነው ሲሉም አክለዋል። እኔ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በዚያው መንገድ መጥቼ ሁለተኛውን ስለመረጥኩና ምርጫዬ አምስት ዓመት ስላስከፈለኝ፣ መልሴ ረዘም ቢል ይታገሱኝ።

አማርኛ እዚህ ያበላል ማለትዎ እውነት ነው። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ታክስ የሚሠራው፣ ባለሱቁና ቀዳሹ ሁሉ የአገር ሰው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገውን ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ በ2000 የወጣውንና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያዝዝ የነበረውን የክሊንተን ትእዛዝ ሽረውታል። የዲሲ ሕግ ግን የከተማዋ የራሷ ስለሆነ በዚያ ትእዛዝ አልተሻረም። ስለዚህ ወንድምዎን የሚያሳስበው አስተርጓሚ መጥፋቱ አይደለም፤ አስተርጓሚ አጠገቡ እንዲቆም የማይፈቀድባቸው ቦታዎች መኖራቸው ነው።

ወደነዚያ ከመሄዴ በፊት ስለራሳችን እንግሊዝኛ አንድ ነገር ልበል። እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች ቋንቋውን የምናውቅ ይመስለናል፤ በእርግጥም ዓይናችን ያውቀዋል። ጆሯችን ግን መምህሩ በአማርኛ ያብራራልን ስለነበር እንግሊዝኛ ሲነገር ብዙም አልሰማም። እኔ ስመጣ የመመደቢያ ፈተና ወስጄ በንባብ ከፍተኛ ደረጃ አገኘሁ፤ በማዳመጥ ከጀማሪዎቹ ጋር መደቡኝ። ዲግሪ ያለኝ ሰው ፊደል ከሚቆጥሩት ጋር አልቀመጥም ብዬ ጥዬ ወጣሁና በሳምንት ስድሳ ሰዓት ሥራ ውስጥ ገባሁ። ኩራቴ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ሥራ ላይ መልመድ የሚባለው ነገር እኔን ያስለመደኝ አንድ መቶ ያህል ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። በፓርኪንግ ሥራ ሁለት ዓመት፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሦስት ዓመት እነዚያኑ ስደጋግም ኖርኩ፤ ባልደረቦቼም አብዛኞቹ ሐበሾች ስለነበሩ ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አንድ ማለዳ ከሌሊት ተረኝነቴ ስወጣ የመጦሪያው ኃላፊ «ለሽማግሌው ቁርሳቸውን አልሰጠሃቸውም?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «የስ» አልኳትና ወጣሁ። በአማርኛ ልማዳችን «አዎ፣ አልሰጠኋቸውም» ማለቴ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ላለው ጥያቄ «የስ» ሲባል «ሰጥቻለሁ» ማለት ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰውዬ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆዩ። በሰላም አለፈ፤ እኔ ግን በማግስቱ ትምህርት ቤቱን ስልክ ደውዬ የምዝገባ ቀን ጠየቅሁ። ይህን አንድ ስሕተት አምስት ዓመት ሙሉ ስሠራው ኖሬ ያረመኝ ሰው አልነበረም፤ መምህሬ በሁለተኛው ሳምንት አረመችው።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልመለስ። «በኋላ ሲዲኤል አውጥቶ ትራክ ይነዳል» ብለዋል፤ ሲዲኤል ማለት የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ ነው። የፌዴራሉ ደንብ የንግድ ተሽከርካሪ ነጂ ከሰው ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክቶችን ለመረዳት፣ ለተቆጣጣሪ ጥያቄ መልስ ለመስጠትና መዝገብ ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲኖረው ያዛል። ደንቡ የቆየ ነው፤ አዲሱ ነገር ከሰኔ 25 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፍተሻ ላይ ያልቻለ ነጂ እዚያው ከሥራ የሚታገድ መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪው ንግግሩን የሚያካሂደው ያለ አስተርጓሚና ያለ ስልክ መተርጎሚያ ነው፤ ጭነቱን ከየት እንዳመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደነዳ ይጠይቃል። ምልክቶቹን መሸምደድ ይቻላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ዘዬ በፍጥነት የሚናገር ሰው ከመስኮት በታች ቆሞ የሚጠይቀውን ግን ጆሮ ያልለመደ ሰው ሊሸመድደው አይችልም።

የዜግነት ፈተናውም ከዚሁ አይርቅም። ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ሰዎች የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹ 128 ሆነዋል፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከማውቃቸው ሰዎች በእርሱ የተቸገረ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም በልብ ይያዛል። የሚያስቸግረው የኢሚግሬሽን መኮንኑ የማመልከቻ ቅጹን ከፍቶ ስለ ጉዞ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ እስር እያገላበጠ የሚጠይቀው ነው፤ «የስ»ና «ኖ» የተዘበራረቁበት ሰው እዚያ ቢሳሳት ስሕተቱ ከቁርስ ይከብዳል። (በነገራችን ላይ እናትዎን ወደፊት ካመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው ሃያ ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ፣ ወይም ሃምሳ አምስት ሞልቷቸው አሥራ አምስት ዓመት የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ናቸው፤ የታሪኩን በአማርኛ ይፈተናሉ።)

ስለዚህ ምክሬ ሁለተኛውን ሥራ ለአንድ ዓመት አዘግይቶ ትምህርት ቤት እንዲገባ ነው። ወንድምዎ በሚኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ይሰጣል፤ ወደ ዲሲ ቢዛወር የካርሎስ ሮዛሪዮ ትምህርት ቤት ለከተማዋ ነዋሪዎች በነጻ ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚካሄዱት የውይይት ቡድኖች ደግሞ ለእኔ ከክፍሉ እኩል ጠቅመውኛል፤ እዚያ ጡረታ የወጡ ሰዎች በትዕግሥት ያወሩሃል፣ «እንደገና በል» ማለት አይሰለቻቸውም። ክፍሎቹ በወቅት ስለሚከፈቱና ወረፋ ስለሚኖራቸው፣ ወንድምዎ የማታ ሺፍት ከመፈረሙ በፊት የምዝገባውን ቀን ይወቅ። በማዳመጥ ፈተናው ዝቅ ያለ ክፍል ቢመድቡትም በተመደበበት ይቀመጥ፤ ከፈለጉ የእኔን ታሪክ ይንገሩልኝ።