ባሕር ላይ ስለሚያዙት ጥገኝነት ጠያቂዎች ለጠየቃችሁኝ

የጎንደር ልጆች በመተማ እየወጡ፣ ሱዳንን አቋርጠው ሊቢያ ስለሚገቡ፣ ስለ ባሕሩ ሕግ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደላላው «አንዴ ጀልባ ላይ ከወጣችሁ ጣልያን አይመልሳችሁም» ይላል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ ልጆቹን የሚያስበላውም ይኸው ግማሽ ነው። በሜይ 2009 የጣልያን መርከቦች ከጣልያኗ ደሴት ከላምፔዱዛ በስተደቡብ 200 ያህል ሰዎችን ከጀልባ አንስተው ወደ ትሪፖሊ መለሷቸው። ወዴት እንደሚወሰዱ እንኳ የነገራቸው አልነበረም። 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ከሰሱ፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2012 ፈረደላቸው። መርከቡ የጣልያን እስከሆነ ድረስ ባሕር መሃልም ተጠያቂዋ ጣልያን ናት አለ። ፍርዱን ሳነበው እንባ ተናንቆኝ ነበር።

በ2017 ግን ጣልያን ከሊቢያ ጋር ተፈራረመች። ጀልባና ሥልጠና ከእሷ፣ ይዞ መመለሱ ከሊቢያ ጠረፍ ጠባቂዎች ሆነ። የተመለሰው ሰው ድብደባና የማስለቀቂያ ገንዘብ ወዳለበት እስር ቤት ይገባል። በራሷ እጅ ማድረግ የተከለከለችውን በሌላ እጅ ታስደርጋለች፤ እኔ ይህን ከበፊቱ የከፋ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ አውስትራልያስ? ወንድሜ እዚያ ይሻላል ይላል።

መልስ፦ በጀልባ ከሆነ አይሞክረው። ከጁላይ 19 ቀን 2013 ወዲህ ያለ ቪዛ በጀልባ የሚመጣ፣ ስደተኛነቱ ቢረጋገጥ እንኳ እዚያ አይሰፍርም ተብሏል። ብዙዎችን ወደ ትንሿ ደሴት አገር ናኡሩና ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒዋ ማኑስ ደሴት ልከው ለዓመታት አቆይተዋቸዋል። የማኑሱን እስር የፓፑዋ ኒው ጊኒ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ሕገ ወጥ ብሎታል።

ጥያቄ፦ ያለ ቪዛ መግባት ራሱ ወንጀል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የ1951ዱ ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31፣ ከአደጋ በቀጥታ ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ቀርቦ ምክንያቱን ካስረዳ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ አይቀጣ ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሊቢያ «ነገ ጀልባ ነው» ብሎ ደውሎ ድምፁ ጠፋ። ምን ላድርግ? (ከአዘዞ፣ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ አይዞዎት። ባለፈው ሳምንት አራዳ ገበያ ያገኘኋቸው እናትም የልጃቸውን ስልክ ቁጥር እንደ ብር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር፤ ወረቀቱ ከመፈታት ብዛት ተቀዷል። ቁጥሩን፣ የደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ ከተማውን ከነገረዎት እሱንም፣ ሌላ ወረቀት ላይ ያስጽፉ። ፎቶውን ይዘው ቀይ መስቀል ይሂዱ፤ የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋሉ፣ ገንዘብም አይጠይቁም። «ልጅሽ እኛ ጋር ነው፣ ብር ላኪ» የሚል ከደወለ፣ የልጅዎን ድምፅ ሳይሰሙ ሳንቲም እንዳይልኩ። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎት ይንገሩኝ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።