ልጅ ቱርክ የምታስተምሩ ወገኖች፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ አትተኙ

ባለፈው ክረምት ኢስታንቡል የምትኖር አንዲት እህት ደወለችልኝ። ልጇ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ከካርኔው (ከውጤት ካርዱ) ጋር «ታክዲር» የሚሉትን የምስጋና ወረቀት ይዞ ገብቷል። ደስታዋ በስልክ ይሰማል። «ጋሼ፣ እስቲ ደህና ሁለተኛ ደረጃ ይጠቁሙኝ» አለችኝ። ለጌሴ፣ ማለትም ስምንተኛ ላይ የሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና፣ ስንት አመጣ ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች። ፈተናው ግዴታ አይደለም ሲሏት ትታዋለች።

እውነት ነው፣ ግዴታ አይደለም። ብዙ የእኛ ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው። እኛ ከልጅነታችን የምንፈራው አሥራ ሁለተኛን ነው፤ የስምንተኛን ነገር እንደ ዋዛ እናየዋለን። ቱርክ ላይ ግን ልጁ የት ሊሴ (ሁለተኛ ደረጃ) እንደሚገባ የሚወሰነው ስምንተኛ ላይ ነው፤ ከየትኛው ሊሴ እንደወጣ ደግሞ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ላይ ይታያል።

አደረጃጀቱ ቀላል ነው። ከ2012 ወዲህ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ) የ12 ዓመት ትምህርት ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 8 ዓመት ነበር። አራት ዓመት ኢልክኦኩል (የመጀመሪያ ደረጃ)፣ አራት ዓመት ኦርታኦኩል (መካከለኛ)፣ አራት ዓመት ሊሴ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፣ መጻሕፍቱም በነፃ ይታደላሉ። ሰው የሚበዛበት ሰፈር ላይ ትምህርቱ በፈረቃ ነው፤ ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትምህርት በመስከረም አጋማሽ ይጀመርና በሰኔ አጋማሽ ያልቃል። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሕዝብ መዝሙር ይዘመራል። ልጆቻችሁ ቃሉን ከናንተ ቀድመው ያጠኑታል።

ወደ ለጌሴ ልመለስ። በሰኔ ወር፣ በአንድ ቀን፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። መጀመሪያ 50 ጥያቄ በ75 ደቂቃ፦ ቱርክኛ፣ የአብዮት ታሪክ፣ ሃይማኖትና የውጭ ቋንቋ። ከእረፍት በኋላ 40 ጥያቄ በ80 ደቂቃ፦ ሂሳብና ሳይንስ። ሦስት ስህተት አንድ ትክክል ይበላል፤ ስለዚህ «ያላወቅከውን ገምት» ብላችሁ እንዳትመክሩት። የሂሳቡ ጥያቄ ራሱ ረጅም የቱርክኛ አንቀጽ ነው። ኢትዮጵያ ሰባተኛን ጨርሶ የመጣ ጎበዝ ልጅ ስሌቱን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ወጪያችሁ የሂሳብ አስጠኚ ሳይሆን የቱርክኛ ንባብ ላይ ይሁን። ይሄን በራሴ ልጅ ተሳስቼ የተማርኩት ነው።

በዚህ ፈተና ነጥብ የሚገባባቸው የሳይንስ ሊሴዎች (ፌን ሊሴሲ)፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊሴዎችና የተመረጡ አናዶሉ ሊሴዎች (መደበኛ የቀለም ትምህርት የሚሰጡት) ናቸው። ያልተፈተነ ወይም ነጥብ ያልሞላለት በአድራሻው ይመደባል። አድራሻ ማለት መዝገብ ላይ ያለው ነውና፣ ቤት ስትቀይሩ ኑፉስ (የነዋሪዎች መዝገብ ቢሮ) ሄዳችሁ አስመዝግቡ። በአድራሻ ሲመደብ ምርጫ ማስገቢያ ጊዜ አለ፤ ካላስገባችሁ ቦታ የተረፈበት ይወስዱታል፣ እሱም ኢማም ሃቲፕ (የእስልምና ሃይማኖት ሊሴ) ሊሆን ይችላል፣ የሙያ ሊሴም ሊሆን ይችላል። የሙያ ሊሴን አትናቁት፣ እጁ ለሥራ የሚፈጥን ልጅ ካላችሁ ጥሩ ነው። ሜሴም የሚሉት ግን ሌላ ነው፦ ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ይገባና ሌላውን ቀን ሥራ ቦታ ይውላል። ደመወዝ አለው ብለው ሲያግባቡዋችሁ ይሄን ጠይቁ።

የሃይማኖት ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ግዴታ ነው። ክርስቲያን የሆነ ልጅ ግን ወላጁ በጽሑፍ ካመለከተ ይቀርለታል። «ለመምህሯ ነግሬያታለሁ» አይሠራም። ወረቀት ጻፉ፣ የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። ነፃ የተባለ ልጅ በለጌሴም ያንን ክፍል አይጠየቅም።

አሁን ስለ ወረቀት። ከኢትዮጵያ ትምህርት ይዞ ለመጣ ልጅ ዴንክሊክ ያስፈልጋል፣ እኛ አቻ ግምት የምንለው። እስከ ሊሴ ያለውን የሚሠራው የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ዳይሬክቶሬት ነው። ወረቀቱ አገር ቤት በውጭ ጉዳይና አዲስ አበባ ባለው የቱርክ ኤምባሲ ማኅተም ተደርጎበት ይምጣ፤ እዚህ በመሐላ ተርጓሚ ተተርጉሞ ኖተር (የእነሱ ውልና ማስረጃ) ያጸድቀዋል። ዋናውን ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ፣ ላሚኔት ላይ ማኅተም አያርፍም።

የእህቴን ልጅ ይዤ አንድ ቢሮ የሄድኩ ቀን ጸሐፊው ፓስፖርቱንና ትራንስክሪፕቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ቆየና ቀና አለ። ፓስፖርቱ ልደት 2003 ይላል። ትራንስክሪፕቱ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው በ2013 ነው ይላል። «ይሄ ልጅ በአሥር ዓመቱ ነው ሊሴ የጨረሰው?» አለኝ። አልቀለደም። የእኛን ዘመን አቆጣጠር አስረዳሁ፣ ጣቴን ቆጠርኩ፣ ስልኬ ላይ ካላንደር ከፍቼ አሳየሁ። አመነኝ፣ ነገር ግን በእምነት ማኅተም አይመታም፤ አገር ቤት ሁለቱን አቆጣጠር የያዘ ደብዳቤ አስጽፈን እስኪመጣ ከወር በላይ ሄደ። ከመነሻው በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፉ።

ቀጥሎ የስም ጣጣ አለ። ቱርክ ላይ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ሶያድ ነው ያለው፤ እኛ ደግሞ አባት በአባቱ፣ ልጅ በአባቱ፣ እናት በራሷ አባት ትጠራለች። ሦስታችሁ ቆማችሁ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ስታቀርቡ ልጁ የናንተ መሆኑን ይጠራጠራሉ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙ ሁልጊዜ ያዙ። የፊደል አጻጻፉም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን፣ አንዲት ፊደል ብትለይ እንደ አዲስ ሰው ነው የሚያዩት።

ኢካሜት (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ዐረብ አገር የነበራችሁ ኢቃማ የምትሉት፣ ሲወጣ በ99 የሚጀምር የመታወቂያ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ የልጁ ውጤትም፣ ቀሪውም ኢ-ኦኩል በሚባለው የትምህርት ቤቶች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ በዚያ ቁጥር ይታያል። ኢካሜት የሌለውን ልጅ «ሚሳፊር»፣ እንግዳ፣ ብለው የሚቀበሉበት አሠራር አለና ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ቤት አታስቀምጡት።

ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቤት ነው፤ የሚያስተዳድረው በ1981 የተቋቋመው ዮክ፣ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤቱ፣ ነው። የሁለት ዓመቱ ኦን ሊሳንስ፣ የአራት ዓመቱ ሊሳንስ ይባላል፤ ጥርስና ፋርማሲ 5፣ ሕክምና 6 ዓመት ነው። የአገሩ ልጆች «የካሴ» የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ይፈተናሉ፣ ለውጭ ተማሪ «ዮስ» የሚባል ፈተና አለ። የትኛውን ውጤት እንደሚቀበል እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያወጣልና ገጹን አንብቡ። ደላላ የሚያቀርብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የቫክፍ (የመንግሥት ያልሆነ) ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኮሚሽኑ እዚያ ስላለ። ክፍያው ዝቅ ያለውን የመንግሥቱን አይነግራችሁም። ቦአዚቺና ኦዴቴዩ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ብዙዎቹ ግን በቱርክኛ ስለሆኑ ቶመር በሚባለው የቋንቋ ማእከል የሚማሩት የቋንቋ ዓመት አለ።

አገር ቤት ያለ ዘመድ ስለ ስኮላርሺፕ ከጠየቃችሁ፣ ቱርኪዬ ቡርስላረ የሚባለው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻው በየዓመቱ ከጥር ወር አጋማሽ በፊት ተከፍቶ በየካቲት (ፌብሩዋሪ) 20 ይዘጋል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለጤና 90 በመቶ ይፈልጋል። ክፍያ፣ መኝታ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል። ማመልከቻው በነፃ ነው። «ላስገባልህ» ብሎ ዶላር የሚጠይቅ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።

የዚያች እህት ልጅ በአድራሻው ሰፈሩ ያለች አናዶሉ ሊሴ ገባ። ትምህርት ቤቷ መጥፎ አይደለችም፣ እሱም ተላምዷል። እናቱ አሁን ስድስተኛ ክፍል ላለች ታናሽ እህቱ ትምህርት ሚኒስቴሩ በነፃ የሚለቃቸውን የለጌሴ ናሙና ጥያቄዎች እያተመች ማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፋለች። ባለፈው ደውላ አንዱን ጥያቄ አነበበችልኝና መልሱን ጠየቀችኝ። አንቀጹ ራሱ አልገባኝም።