የኦሪዮንን ኔቡላ ከግቢ ስለ ማንሳት፦ ጥያቄና መልስ

ከአዲስ አበባ ግቢዬ የማነሳውን የኦሪዮን ኔቡላ (በኅዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ያዩ ጀማሪዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ በቴሌስኮፕ ሳየው ግራጫ የነበረው በፎቶ ለምን ይቀላል? ቀለም ይጨምሩበታል?

መልስ፦ አልጨምርም። በኔቡላው መሃል ያሉት ትራፔዚየም የተባሉት ወጣት ከዋክብት የሚለቁት አልትራቫዮሌት ጨረር ኤሌክትሮንን ከሃይድሮጅን አቶም ያላቅቃል፤ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ በ656.3 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ይወጣል። በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሕዋሳት ግን ቀለም አይለዩም፤ ለቀይማ ይበልጥ ደካማ ናቸው።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ተራ ነው፤ ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል። ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ከዚህ ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ቢያስቀርም፣ ኦሪዮን ብሩህ ስለሆነ ማጣሪያውን ለማስነቀል አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ የትኩረት ርዝመቱ 400 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፔን በትራይፖድ ባቆመው ከዋክብቱ ሰረዝ ሆኑብኝ።

መልስ፦ ሰማዩ በሴኮንድ 15 የቅስት ሴኮንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ያህል ይዞራል፤ ይህም ባለ 4 ማይክሮን ፒክስል ባለው ካሜራ ላይ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 7 ፒክስል ያህል ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ከትልቅ ቴሌስኮፕ በፊት ሰማዩን ተከትሎ በሚዞር ጠንካራ ማውንት (የቴሌስኮፕ መሸከሚያ) ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ማውንቱን በሰሜን ኮከብ ማስተካከል አልቻልኩም፤ አትታየኝም።

መልስ፦ ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ይህ ነው። ማውንቱ ሰማዩን በትክክል የሚከተለው የሚዞርበት ዘንግ የሰሜን ኮከብ ወዳለችበት የሰማይ ዋልታ ሲያመለክት ነው። ኮከቧ በአዲስ አበባ ከአድማስ ወደ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ቤት፣ ባሕር ዛፍ ወይም የእንጦጦ ሸንተረር ሊጋርዳት ይችላል። መጀመሪያ ዘንጉን በኮምፓስ ወደ ሰሜን ያቅኑና ከፍታውን 9 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ከዚያ የኦሪዮን ቀበቶ ከሚባሉት በመስመር ከተደረደሩ ሦስት ከዋክብት አንዱ አናትዎ አካባቢ ሲደርስ በቴሌስኮፑ መሃል ያስገቡትና ለጥቂት ደቂቃዎች ይከታተሉት፤ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምዕራብ ስላዘነበለ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ይመልሱት፣ ወደ ደቡብ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው። አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ይህን ሳልጨርስ አንድም ፎቶ አላነሳም።

ጥያቄ፦ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይጠፋብኛል። ስንት ሴኮንድ ላንሳ?

መልስ፦ አንድ ልክ ለሁሉም አይሆንም። ለመሃሉ ባለ 5 ሴኮንድ፣ ለዳርቻው ከ60 እስከ 120 ሴኮንድ የሚቆዩ ፎቶዎች ለየብቻ ያንሱና በኋላ ያዋህዷቸው። 100 ፎቶ ሲደራረብ የዘፈቀደ ብጥብጡ (ምስሉን የሚያጠራጥሩት ነጠብጣቦች) ከምስሉ አንጻር በ10 እጥፍ ይቀንሳል። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1880 ይህንኑ ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ሲያነሳ፣ መደራረብ ስላልነበረ አንዲቷን የፎቶ ሰሌዳ (በፊልም ፋንታ ያገለግል የነበረ መስታወት) ለ51 ደቂቃ ገልጦ መጠበቅ ነበረበት።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት።